ላም አለኝ በሰማይ፦ የናሽናልስ ደጋፊ የባለቤቱን ሒሳብ ለምን ይሠራል?

ዛሬ ከዘወትሩ ፖለቲካ ወጣ ብለን ስለ ቤዝቦል እናወራለን። "ቤዝቦል ደግሞ ምን አገባን?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የምትኖሩ ግን ልጆቻችሁ ያቺን ቀይ የናሽናልስ ኮፍያ አድርገው ከትምህርት ቤት ሲመጡ ታያላችሁ። በዚያ ላይ በነገሩ ውስጥ የሕዝብ ገንዘብ አለበት፤ እመጣበታለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከ2025 ውድድር ማግስት የዋሽንግተን ናሽናልስ ደጋፊ ሁለት ጎራ ሆኖ ሲሟገት ነበር። አንደኛው ጎራ "ወርዋሪው ማኬንዚ ጎር ነፃ ሊወጣ ሁለት ዓመት ብቻ ቀርቶታል፤ ዋጋው ሳይወርድ በታዳጊ ተጫዋቾች ይለወጥ" ይል ነበር። አንዳንዱ ሲጄ ኤብራምስንም ይጨምርበት ነበር። ሁለተኛው ጎራ "አትቸኩሉ፣ ልጆቹ ይብሰሉ" ይል ነበር። በእኔ እምነት ሁለቱም ተሳስተዋል። ሁለቱም ሳያውቁት የተከራከሩት የባለቤቱ ኪስ እንዳይነካ ነው።

ጨዋታውን ለማትከታተሉ ባጭሩ ላስረዳ። በእግር ኳስ ተጫዋች ሲዛወር ገንዘብ ይከፈላል፣ ተጫዋቹም ይስማማል። በአሜሪካ ቤዝቦል ግን ቡድኖች ተጫዋችን በተጫዋች ይለዋወጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ልጁን የሚጠይቀው የለም። አዲስ የገባ ተጫዋች ለስድስት የውድድር ዓመታት ያህል በቡድኑ እጅ ይቆያል፤ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የሚጫወተውም በዝቅተኛው ደመወዝ አካባቢ ነው። በ2025 ዝቅተኛው 760 ሺህ ዶላር ነበር። ለእኔና ለእናንተ ብዙ ነው፤ ኮከቦቹ በመቶ ሚሊዮኖች በሚፈርሙበት ሊግ ግን ርካሽ ጉልበት ነው። ሌላም አለ፦ የተሸነፈ ቡድን ወደ ታችኛው ሊግ አይወርድም። እንዲያውም ከወጣቶቹ ምርጥ የሆኑትን ቀድሞ የመምረጥ ዕድሉ ይሰፋለታል። መሸነፍ በማያስቀጣበት ቤት "ታገሡ" ማለት ቀላል ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ። ናሽናልስ በ2019 የውድድሩን የመጀመሪያ 50 ጨዋታዎች ሲጨርስ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር። ማንም አልተሸጠም። በዚያው ዓመት ሂውስተንን በሰባት ጨዋታ ረትቶ የወርልድ ሲሪስ ዋንጫ አነሳ። ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት እንኳ ያሸነፈው ከተሸነፈው በልጦ አያውቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ! በ2022 ብቻ 107 ጨዋታ ተሸነፈ።

መካከል ላይ ምን ሆነ? በ2021 ሐምሌ ማክስ ሸርዘርና ትሬ ተርነር በአንድ ጊዜ ለዶጀርስ ተሰጡ። በ2022 ነሐሴ የ23 ዓመቱ ሁዋን ሶቶ ለሳንዲዬጎ ተሰጠ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ?

እውነቱን እንነጋገር፤ የሶቶ ልውውጥ መጥፎ አልነበረም። ቡድኑ ለ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦለት ልጁ እምቢ ብሏል፤ ኋላም ከሜትስ 765 ሚሊዮን አግኝቷል። በእሱ ምትክ ከመጡት መካከል ኤብራምስ፣ ጎርና ጄምስ ውድ ሦስቱም ለኦል ስታር ተመርጠዋል። ውድ በ2025 31 ሆም ራን መትቷል። ከአንድ ልውውጥ ሦስት ኦል ስታር ማግኘት ማንም ቡድን የሚመኘው ነው።

ታዲያ ያ ቡድን በ2025 ስንት ተሸነፈ? 96!

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የዕቅዱ ከባዱ ክፍል ተሳክቷል፤ የተዘራው በቅሏል። ቡድኑ ግን አሁንም ከምድቡ መጨረሻ ነው። እንግዲህ ጉድለቱ ልውውጡ ላይ ሊሆን አይችልም። የጎደለው ቡቃያው ብቅ ሲል ዙሪያውን የሚያጥር ገንዘብ ነው። ከ2025 ውድድር በፊት የተፈረሙትን እዩ፦ ጆሽ ቤል ለአንድ ዓመት በ6 ሚሊዮን፣ ማይክ ሶሮካ ለአንድ ዓመት በ9 ሚሊዮን። ይህ ቤት መሥራት ነው ወይስ አልጋ መከራየት? ከዚያ በሐምሌ የ2019ን ዋንጫ ያመጡት ሥራ አስኪያጁ ማይክ ሪዞና አሠልጣኙ ዴቪ ማርቲኔዝ በአንድ ቀን ተሰናበቱ። ቦርሳውን የያዘው ግን እዚያው ነው።

ጎርን ሰጥቶ ገና 19 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ማምጣት ምን ማለት እንደሆነ እዩ። እነሱ እስኪደርሱ 2029 ይሆናል። ውድ በቡድኑ እጅ የሚቆየው እስከ 2030 ነው። ያኔ ያው ደጋፊ ምን ሊል ነው? "ዋጋው ሳይወርድ ውድን ለውጡት" ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

የሚቃወሙኝ ሂውስተንንና ቺካጎን ይጠቅሳሉ። ልክ ናቸው፤ ሂውስተን በ2013 111 ተሸንፎ በ2017 ዋንጫ አነሳ። ቺካጎ ከብስም በ2012 101 ተሸንፎ በ2016 አሸነፈ። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ተርኩት። ቺካጎ ልጆቹ ሲደርሱ ለወርዋሪው ጆን ሌስተር ስድስት ዓመት በ155 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ሂውስተንም በ2017 ጀስቲን ቨርላንደርን ከነከባድ ደመወዙ ወሰደ። ትዕግሥቱ ፍሬ ያፈራው ገንዘብ ሲከተለው ነው። ገንዘብ ያልተከተለው ትዕግሥት ወዴት እንደሚያደርስ ፒትስበርግን ጠይቁ፤ ከ1993 እስከ 2012 ሃያ ተከታታይ ዓመት ተሸናፊ ሆኖ ጨርሷል።

"ስትራስበርግስ?" ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ያማል። የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ተፈርሞለት በጉዳት ምክንያት ስምንት ጨዋታ ብቻ ወርውሮ ጡረታ ወጣ። ግን ይኸው ቤት ለሸርዘር 210 ሚሊዮን፣ ለፓትሪክ ኮርቢን 140 ሚሊዮን ፈርሟል። የ2019ን ሰባተኛ ጨዋታ የጀመረው ሸርዘር ነው፤ ያሸነፈው ወርዋሪ ተብሎ የተመዘገበው ኮርቢን ነው። አንድ ጭነት የጠፋበት ነጋዴ ሱቁን አይዘጋም። ከዘጋም ደንበኛውን በር ላይ አቁሞ "ጠብቀኝ" አይለውም።

የቴሌቪዥኑ ሰበብም ነበር። የስርጭት መብቱ አብላጫው ድርሻ የባልቲሞር በሆነ ጣቢያ እጅ ስለነበር ለዓመታት ተካሰዋል። ያም ክርክር በ2025 መጋቢት ተዘግቷል።

አሁን ወደ ሕዝቡ ገንዘብ። የሌርነር ቤተሰብ ቡድኑን በ2006 በ450 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2008 የተከፈተውን ስታዲየም የሠራው ግን ዲሲ ነው፤ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሕዝብ ገንዘብ ወጥቶበታል። ዕዳውን ለመክፈልም በከተማው ንግዶች ላይ፣ በስታዲየሙ ውስጥ በሚሸጠው ትኬትና ምግብ ላይ ሳይቀር ግብር ተጥሏል። ቤቱን የሠራልህ ሕዝብ "ቤቱ ውስጥ ምን አለ?" ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

ስለዚህ የምለው ሦስት ነገር ነው። አንድ፣ "ታገሡ" ሲሏችሁ "እስከ መቼ? በስንት ብር?" በሉ። ቀን የሌለው ትዕግሥት ዕቅድ አይባልም። ሁለት፣ "ጎር ይለወጥ" ይል የነበረ ሰው በዚያው አፉ "በቦታው ማን ይገዛል?" ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ወዲያው ሜዳ ላይ በሚቆም ተጫዋች ቢለወጥ ኖሮ እኔም እጄን ባወጣሁ ነበር። ሦስት፣ ውድን ዋጋው ሳይሰቀል ዛሬውኑ በረጅም ውል ያስሩት። አዲሱ የቡድኑ ኃላፊ ፖል ቶቦኒ መለካት ያለበት ስንት ታዳጊ ሰበሰበ ተብሎ ሳይሆን ስንት ኮከብ አቆየ ተብሎ ነው።

ልጄ የሶቶ ማሊያ ነበረው። ማሊያው ሳይጠበው ሶቶ ሄደ። አሁን "አባዬ፣ የውድን ግዛልኝ" ይላል። ገንዘቡ አላሳሰበኝም፤ ስንት ዓመት እንደሚለብሰው ግን የሚነግረኝ አጣሁ።

የምትቃወሙኝ ጻፉ፣ አነባለሁ። ብቻ የባለቤቱን ሒሳብ ይዛችሁልኝ እንዳትመጡ፤ እሱ ደመወዝ የሚከፍላቸው የሒሳብ ሠራተኞች አሉት።