ዘፈን ወሰን ይገፋልን?

በዶርማችን ከእራት በኋላ የሚነሣው ክርክር ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ስለ ፈተና መሆኑ ቀርቶ ስለ ወሰን ሆኗል። የነገሩ መነሻ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው «ሲቪላይዜሽን 4» የተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። ጨዋታው አርጅቷል፤ ላፕቶፖቻችንም አርጅተዋልና ተስማምተው ይኖራሉ።

ላልተጫወቱት እንግለጥ። በዚህ ጨዋታ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መቅደስና ቴአትር ቤት የሠራ ከተማ በየተራው የባህል ነጥብ ያጠራቅማል፤ ነጥቡም ሲበዛ አንድ ጥይት ሳይተኮስ ወሰኑ ወደ ጎረቤቱ ይገፋል። እ.ኤ.አ. በ2007 በታከለው ክፍል ኢትዮጵያም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መሪነት ገብታለች። ንጉሡ የፈጠራ ሰው ተብለው ስለ ተመደቡ ከተሞቻቸው ከተቆረቆሩበት ጊዜ ጀምሮ በየተራው ሁለት ሁለት ነጥብ በነፃ ያገኛሉ። ድርሰት ለሚወዱ ንጉሥ የተገባ ስጦታ ነው።

ድንበር መዝጋትም አለ። የመተላለፊያ ውል ካልተፈረመ የአንዱ ወታደርና ሰባኪ ወደ ሌላው አይገባም፤ በከተሞቻቸው መካከል ያለው ንግድም ይቀራል። ባህሉ ግን በተዘጋው ኬላ ላይ አልፎ ይሄዳል። ኬላ ጠባቂ ዘፈን አይፈትሽምና ጨዋታው እዚህ ላይ አልተሳሳተም።

ጠባችን ከዚህ ወዲያ ነው። በካርታው ላይ ለያንዳንዱ ካሬ መሬት የየመንግሥቱ ባህል ስንት በመቶ እንደ ሆነ ይሰላል፤ 60 በመቶ ያለው መሬቱን በሙሉ ይወስዳል፣ 40 በመቶ ያለው ባዶ እጁን ይቀራል። «ታዲያ የብዙኃን ድምፅ አይደለም ወይ?» የሚል ጓደኛ አለን። እኛ ደግሞ ሞያሌን እንጠቅስበታለን። ከተማዋ በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ ተቀምጣ ስሟም በሁለቱም ወገን ያው ሞያሌ ነው፤ ቦረናውም ሶማሌውም ወዲህም ወዲያም ይኖራል። እዚያ ያለ ሰው በቤቱ የሚናገረው ቋንቋ፣ የሚገበያይበት ገንዘብና በኪሱ የያዘው መታወቂያ ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፤ ጨዋታው ግን ሦስቱንም በአንድ ቀለም ይቀባቸዋል። ነዋሪው የሚሰማው ሲያጉረመርም ወይም ሲያምፅ ብቻ ነው፤ የጎረቤቱ ባህል በልጦ አመፁ ሲደጋገምም ከተማው ከነሰው ለጎረቤቱ መንግሥት ይተላለፋል። ለመሆኑ ማን ጠይቆት?

ይህን የምንጽፈው ጨዋታውን ለማስከልከል አይደለም፤ እኛም ዛሬ ማታ እንጫወታለን። ያሳሰበን አነጋገራችን ነው። በቅርቡ በካፌ ወረፋ ላይ አንዱ ዘፋኛችን በጎረቤት አገር መወደዱ ሲነገር «ወሰናችን ሰፋ!» ያለ ተማሪ ነበር፤ ሁላችንም ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን የሱዳኑ መሐመድ ወርዲ ትዝ አለን። ወርዲ በአዲስ አበባ ተወዶ፣ ጥላሁን ገሠሠም በካርቱም ተደምጦ፣ በዚህ ምክንያት ባለቤቷን የለወጠች አንዲት ጋሻ መሬት የለችም። ታዲያ ማን ማንን አሸነፈ እንበል?

ጓደኛችን እስካሁን አልተረታም። የእሱን ወገን የሚደግፍ ካለ ለሚቀጥለው እትም ይጻፍ።