12 ለ 11፡ ውጤት አይቶ መፍረድ ይብቃ!

ጨዋታ ካለቀ በኋላ አሰልጣኝ የማይሆን ደጋፊ የለም። ተቀይሮ የገባው አጥቂ ጎል ካገባ አሰልጣኙ ሊቅ ነው። ያው አጥቂ ባዶ ጎል ላይ ኳሷን ወደ ሰማይ ከሰቀላት ግን "ማን አስገባው አለው?" ይባላል። ቅያሪው አንድ ነው! አሰልጣኙ ሲወስን እጁ ላይ የነበረው መረጃም አንድ ነው። የተለየው ውጤቱ ብቻ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ይህን በሽታ በደንብ ለማየት ለአንዴ ከሜዳው ወጥቶ የካርታ ጠረጴዛ አጠገብ መቀመጥ ይጠቅማል። ጨዋታው ብሪጅ ይባላል። "ካርታ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ስፖርት የሆነው?" የሚል አይጠፋም። ሆኖም በ2018 እ.ኤ.አ. ኢንዶኔዥያ ባስተናገደችው የእስያ ጨዋታዎች ብሪጅ ሜዳሊያ ተሰጥቶበታል። ኢንዶኔዥያዊው ባለሀብት ማይክል ባምባንግ ሃርቶኖም በ78 ዓመታቸው ነሐስ አጥልቀውበታል። እኚህ ሰው ለኳስ ወዳጅ ባዕድ አይደሉም፤ የእሳቸውና የወንድማቸው ኩባንያ በ2019 የጣሊያኑን ኮሞ ገዝቶ በ2024 ወደ ሴሪ ኣ ያስገባው ነው። ዝነኛው የፊልም ተዋናይ ኦማር ሸሪፍም በብሪጅ አገሩን ግብፅን ወክሎ ተጫውቷል።

ነገሩ ወዲህ ነው። አራት ሰዎች ሁለት ለሁለት ይጋጠማሉ። 52ቱ ካርታ ለእያንዳንዱ 13 ይታደላል። በጨረታ ያሸነፈው ወገን "ይህን ያህል ዙር እወስዳለሁ" ብሎ ቃል ይገባል። ከዚያ የተጫዋቹ አጋር ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ገልጦ ይዘረጋል። ስለዚህ ተጫዋቹ 26 ካርታ ያያል፤ የቀረው 26 በሁለቱ ተጋጣሚዎች እጅ ተደብቋል። ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነው።

አሁን አንድ ሁኔታ እንውሰድ። ተጫዋቹና አጋሩ በድምሩ ዘጠኝ የልብ ካርታ አላቸው። በተጫዋቹ እጅ ኤስ፣ ንጉሥ፣ ጃክና 10 አሉ። ንግሥቲቱ ግን የለችም! ከሌሎች ሦስት ትናንሽ ልቦች ጋር ተጋጣሚዎቹ ጋ ናት። ተጫዋቹ ኤሱን ይጥላል፤ ሁለቱም ተጋጣሚዎች ትንሽ ልብ ይጥላሉ። ቀጥሎ ከአጋሩ በኩል ትንሽ ልብ ያስነሳል፤ የመጀመሪያው ተጋጣሚ አሁንም ትንሽ ልብ ይጥላል። ውጭ የቀረችው ልብ አንድ ብቻ ናት፤ እሷም ንግሥቲቱ። ታዲያ ምን ይሻላል? ንጉሡን ጥሎ ንግሥቲቱን ከሁለተኛው ተጋጣሚ እጅ ማስወደቅ? ወይስ መጀመሪያ የተጫወተው ሰውዬ ይዟታል ብሎ በጃክ ማለፍ?

ብዙ ሰው "ሃምሳ ሃምሳ ነው፣ ልብህ ያለህን አድርግ" ይላል። ስህተት! የመጀመሪያው ተጋጣሚ ሁለት ልብ አሳይቷል፤ ከ13 ካርታው ያልታወቀው 11 ነው። ሁለተኛው ያሳየው አንድ ብቻ ነው፤ ያልታወቀው 12 ነው። ንግሥቲቱ ልትደበቅበት የምትችልበት ቦታ 12 ለ 11 ነው። በመቶኛ ሲሰላ 52 ለ 48 አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ ሌላ ፍንጭ ከሌለ ንጉሡ ይጣል። ልዩነቱ የጠበበ ነው፣ ግን አለ። ከዘጠኝ ልብ ይልቅ ስምንት ቢኖራቸው ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ውጭ ያለው ልብ አምስት ስለሚሆን በጃክ ማለፉ ይበልጣል።

ቁጥር ማለት ታዲያ ዓይን ጨፍኖ መሄድ አይደለም። በጨረታውና በጨዋታው ሂደት ሁለተኛው ተጋጣሚ ሰባት የስፔድ ካርታ፣ የመጀመሪያው ሁለት ብቻ እንደያዙ ከታወቀ ሒሳቡ ይለወጣል። ያልታወቀው ቦታ ለመጀመሪያው 9፣ ለሁለተኛው 5 ይሆናል። ያኔ ንጉሡን መጣል ሞኝነት ነው፤ በጃክ ማለፍ ነው። ጎበዝ ተጫዋች መረጃ በመጣ ቁጥር ሒሳቡን ያድሳል፤ ሒሳቡን ከሠራ በኋላ ግን አይንቀጠቀጥም።

የሚያስቆጨው በትክክል ተሰልቶም መሸነፍ መኖሩ ነው። ንጉሡን የጣለው ሰው ከመቶው 48 ጊዜ ያህል ይከስራል። የከሰረ ቀን "ደደብ" ሊባል ነው? በተቃራኒው ሳያስብ በጃክ ያለፈው ሰውዬ ቢሳካለት "ስሜቱ አይዋሽም" ተብሎ ይጨበጨብለታል።

በ1975 እ.ኤ.አ. በቤርሙዳ የዓለም ዋንጫ ፍፃሜ ጣሊያንና ሰሜን አሜሪካ ተገናኙ። ሊያልቅ ሲል የጣሊያኖቹ ቤላዶናና ጋሮዞ 13ቱንም ዙር እንወስዳለን ብለው ቃል ገቡ። ይህ እንዲሳካ የክለብ ንጉሥ ትክክለኛው ተጋጣሚ እጅ፣ ያውም ብዙ አጃቢ ሳይኖረው መገኘት ነበረበት። ጨረታው ከዕድሉ በላይ የተዘረጋ ነበር። ንጉሡ ግን አሜሪካዊው ኤዲ ካንታር እጅ ከ10 ጋር ብቻ ሆኖ ተገኘ! ጣሊያን ዋንጫውን ወሰደች። ሁለቱ ጣሊያኖች ከዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች መካከል መሆናቸው አያከራክርም። ያቺ አንዷ ጨረታ ግን ዋንጫ ስላመጣች ብቻ ጥሩ ጨረታ አትሆንም።

ወደ ኳሳችን እንመለስ። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ የእስራኤል ተመራማሪዎች ጥናት 286 ሪጎሬዎችን ፈትሾ ነበር። ከኳሶቹ 29 በመቶ ያህሉ ወደ መሀል ተመትተዋል። በረኞቹ ግን መሀል ቆመው የቀሩት 6 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው! የቆሙት ከሦስት አንዱን ሲያድኑ፣ ወደ ጎን የወደቁት ከሰባትና ከስምንት አንዱን ነው ያዳኑት። በእርግጥ በረኛ ሁሉ ሁልጊዜ ቢቆም መቺዎቹ ወደ ጥግ ይመታሉ። ቢሆንም ይህን ያህል መውደቅ ለምን? ተመራማሪዎቹ የሰጡት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ወድቆ የተቆጠረበት በረኛ "ሞክሯል" ይባላል፤ ቆሞ የተቆጠረበት ግን በራሱም በሰውም ዘንድ ጥፋተኛ ይሆናል። ስድቡን ፈርቶ የተሻለውን ይተዋል ማለት ነው።

የእኛ አገር አሰልጣኝም ያው ነው። ሁለት ጨዋታ ከተሸነፈ እንደሚባረር የሚያውቅ ሰው የሚሻለውን ሳይሆን የማያስወቅሰውን ይመርጣል። ወጣቱን አያሰልፍም፤ ስሙ የታወቀውን ያሰልፋል። ይህን ፍርሃት የሚያመጣው ደግሞ ከካታንጋ እስከ ክለብ ቢሮ ያለው ውጤት አይቶ የመፍረድ ልማድ ነው።

በጥር 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለሱ በመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር ሪጎሬ አገኙ። ሳላዲን ሰይድ መታ፤ ኬኔዲ ምዌኔ አዳነ። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። ሪጎሬ ከአራት ሦስቱ ገደማ ይገባል፤ አንዱ ይስታል። የቡድኑን ዋና አጥቂ ማስመታት ኳሷ ከመመታቷ በፊት ትክክል ነበር፤ ከዳነች በኋላም ትክክል ነው።

"ዋንጫ የሚያመጣው ውጤት እንጂ ሒሳብ አይደለም" የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ግን ውጤት በአንድ ቅዳሜ አይለካም። 12 ለ 11 አንድ ቀን ይከዳል፤ የውድድር ዘመኑን ሙሉ ሲጠራቀም ግን ነጥብ ይሆናል። ስለዚህ ቀጣዩ ቅያሪ ሲከሽፍ ከመጮህ በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም፤ ሰውዬው ሲወስን ከሚያውቀው ነገር አንፃር ከዚያ የተሻለ ምርጫ ነበረው? ከነበረው ይወቀስ። ካልነበረው ግን ሥራውን ይቀጥል!