«ለእኔ ሠርቶልኛል» ማለት መልስ አይደለም



ዛሬ የምጽፈው ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ መልስ ነው። ሰው እዚህ ጥያቄ ሲጠይቅ ከሥሩ የምትጽፏቸውን አንዳንድ መልሶች ለምን እንደማጠፋ ላስረዳችሁ። ቅር የተሰኛችሁ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝና ከዚያ ተሟገቱኝ።

ነገሩ የተነሣው ባለፈው ኅዳር ነው። በሸዋ ሮቢት አቅራቢያ የምትኖር አንዲት እናት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ጥያቄ ላከች (ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች)። «የዓመት ከመንፈቅ ልጄን ከትናንት ጀምሮ ያተኩሰዋል። የቀመሰውን ሁሉ ያስመልሰዋል፤ ጡትም እምቢ ብሏል። ምን ላድርግለት?» እኔ ተረኛ ስለነበርኩ ስልኬን ያየሁት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ 11 መልሶች ተደርድረው ነበር።

«ምች ነው፤ ዳማከሴ አሽተሽ አጠጪው።» «ታይፎይድ ነው፤ የእኔም ልጅ እንዲሁ ሆኖ ነበር።» «የኒም ቅጠል ቀቅለሽ ስጪው፤ ለእኔ ሠርቶልኛል።» «ከታላቁ የተረፈ ኮአርተም ካለሽ ግማሿን ስጪው።» ከ11ዱ መካከል አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ብቻ «እህቴ፣ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው» ብላ ነበር። ብዙ ላይክ ያገኘው ግን የኒሙ ነው።

እናትየዋ ብዙ ሰው የወደደውን መረጠች። አልፈርድባትም። ሌሊት ነው፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ መልሱ ደግሞ የተሰጣት በሙሉ ልብ ነው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ልጁን አንቀጠቀጠው። ጤና ጣቢያ ሲደርስ ደሙ ተመረመረ፤ ከባድ ወባ ነበር። ወደ ሆስፒታል ተልኮ ታከመና ፈጣሪ ይመስገን ድኗል።

እኔ በዚያች ሌሊት አሥሩን መልሶች አጥፍቼ አንዷን አስቀረሁ። ጠዋት ስነሣ የስድብ መልእክት ጠበቀኝ። «ሐኪም ስለሆንሽ ነው የሰው አፍ የምትዘጊው?» «ባህላችንን ናቅሽ።» «ባይጠቅም ምን ይጎዳል?» አንድ በአንድ ልመልስ።

«ለእኔ ሠርቶልኛል» ከሚለው ልጀምር። ይህን የሚል ሰው ይዋሻል አላልኩም። ያየውን ነው የሚናገረው። ግን ምን እንዳየ እንመርምር። የቆላ ሰው ወባን ከእኔ በላይ ያውቀዋል፤ አንድ ቀን ያንዘፈዝፋል፣ ያተኩሳል፣ ያልባል፤ በማግስቱ ፋታ ይሰጣል፤ ከዚያ ይመለሳል። ምክንያቱ ይታወቃል። ጥገኛው በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ይራባል፤ ሕዋሱን አፈንድቶ ሲወጣ ትኩሳቱ ይነሣል። በአገራችን የሚበዙት ሁለቱ የወባ ዓይነቶች፣ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ፣ ይህን ዑደት የሚጨርሱት በ48 ሰዓት ገደማ ነው። እንግዲህ ሰው መድኃኒት የሚፈልገው መቼ ነው? ትኩሳቱ በባሰበት ቀን። በዚያ ቀን ኒም ቢጠጣ፣ ፌጦ ቢጠጣ፣ ባዶ ውኃም ቢጠጣ፣ በማግስቱ ቀለል ሊለው ይችላል። ምስጋናው የሚሄደው ግን ለጠጣው ነገር ነው። ቫይቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይመለሳል። በተመለሰ ጊዜ «ሌላ በሽታ ያዘኝ» ይባላል እንጂ «ኒሙ አልሠራም ነበር» የሚል የለም።

ሌላም ነገር አለ። ቀቅሎ አጠጥቶ ልጁ የሞተበት ሰው «ለእኔ አልሠራልኝም» ብሎ እዚህ አይጽፍም። ልቡ ተሰብሮ ቤቱ ይቀመጣል። ስለዚህ የምናነበው የተረፉትን ብቻ ነው። ያዘኑትን ሳንሰማ የደስተኞቹን ቃል ብንቆጥር ቆጠራው ጎዶሎ ነው።

«ባይጠቅም ምን ይጎዳል?» ይጎዳል። መጀመሪያ የሚጎዳው ጊዜ ነው። የፋልሲፓረም ወባ በሕፃን ላይ በአንድ ቀን ውስጥ ከትኩሳት ወደ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ሊሸጋገር ይችላል። ትኩሳት ያለው ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት የምንለው ለዚህ ነው። ይህ ደግሞ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ዘገባ መሠረት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። የይፋት ቆላ ደግሞ ከክረምቱ በኋላ ውኃው ሲቋጥር፣ የመስኖ ማሳው ሲረጥብ ትንኙ የሚፈላበት አገር ነው።

ሁለተኛ፣ ራሱ የታዘዘው ነገር ሊጎዳ ይችላል። ለሕፃናት የተሰጠ የኒም ዘይት ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥና ሞት ማስከተሉ በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግቧል። «ግማሿን ኮአርተም» ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ኮአርተም የሚሰጠው በክብደት ተለክቶ፣ በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ ነው። ግማሽ ፍሬ ጥገኛውን ሳይገድል ያስታግሠውና ምርመራውን ሊያወሳስብ ይችላል። «የተረፈ» ኮአርተም ቤት ውስጥ መኖሩ ራሱ ታላቅየው መድኃኒቱን ሳይጨርስ እንዳቋረጠ ይናገራል።

«ባህላችንን ናቅሽ።» ይህ ነው ከሁሉም ያሳዘነኝ። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ምን እንዳዩ ታውቃላችሁ? ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ነው፤ ቢልሃርዝያ ደግሞ ለእኛም ቆላ እንግዳ አይደለም። አክሊሉ «እንዶድ መድኃኒት ነው» ብለው ወሬ አልነዙም። ቀንድ አውጣውን በእንዶድ ውኃ ፈተኑት፣ መጠኑን ለኩ፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር ለዓመታት መስክ ላይ ሞከሩት። ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። የእናቶቻችንን እውቀት ያከበረው ማን ነው? ሳይፈትን የደገመው ወይስ ፈትኖ ለዓለም ያሳየው?

ኮአርተምም ቢሆን ግማሽ ጎኑ ከቅጠል የመጣ ነው። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ከጥንት የአገሯ የሕክምና መጽሐፍ ላይ አንድ ለትኩሳት የሚሰጥ ተክል አገኘች። ተክሉ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። መጽሐፉን ደግማ ስታነብ ተክሉ ተዘፍዝፎ ይጨመቃል እንጂ ይቀቀላል አይልም። ሙቀት ኃይሉን ያጠፋው እንደሆነ ጠረጠረች፤ በዝቅተኛ ሙቀት አውጥታ ስትሞክረው ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸለመች። ልብ በሉ፣ ያው ተክል ሲቀቀል ከንቱ፣ በትክክል ሲወጣ ግን የሚሊዮኖች ማዳኛ ነው። «ቀቅለሽ ስጪው» የሚለው መልስ ይህን ልዩነት ከየት ያውቀዋል?

«ሐኪም ስለሆንሽ ነው?» አይደለም። እንዲያውም ነጭ ጋወን ማስረጃ አለመሆኑን የተማርኩት በራሴ ላይ ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን በገባ በሳምንታት ውስጥ፣ አገር በቀል እውቀትንና ዘመናዊ ሳይንስን ያጣመረ መድኃኒት የመጀመሪያ የምርምር ደረጃዎችን አልፏል የሚል መንግሥታዊ መግለጫ ወጣ። ቀጥሎ በእንስሳትና በሰው ላይ ሙከራ እንደሚደረግ መግለጫው ራሱ ይናገር ነበር። እኔ ግን ርዕሱን ብቻ አንብቤ «መድኃኒቱ ተገኘ!» ብዬ ለዘመድ ለወዳጅ አሰራጨሁ። ያ መድኃኒት ጸድቆ ፋርማሲ አልገባም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ጽሑፉ ያላለውን ጨምሬ አወራሁ፣ ሰዎችም ዶክተር ስለሆንኩ አመኑኝ።

እኛ ባለሙያዎች ሌላም ዕዳ አለብን። ስንቶቻችሁ ናችሁ በአንድ የዊዳል ምርመራ ብቻ «ታይፎይድ ነው» ተብላችሁ የተመለሳችሁ? ያ ምርመራ የሚያሳየው ሰውነት የሠራውን መከላከያ እንጂ ባክቴሪያውን አይደለም። ካለፈ ሕመም የቀረ ሊሆን ይችላል፤ በወባ ጊዜም በሐሰት ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ያ «ታይፎይድ ነው» ያለ ሰው መልሱን የወረሰው ምናልባት ከእኛው ክሊኒክ ነው። መልሱን ሳጠፋ የሙያ ጓደኞቼንም ስሕተት እያጠፋሁ ነው።

መልስ ብቻ ሳይሆን ጥያቄም ይታረማል። «የማሕፀን በር ካንሰር ክትባት ልጃገረዶችን ለምን ያመክናል?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። «ለምን» ያለ ሰው «ያመክናል» የሚለውን አስቀድሞ ተቀብሏል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በቀጥታ መመለስ ሐሰቱን መትከል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን አለሽ? የት ሰማሽው?» ብዬ ነው። እንደ ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ ያሉ መረጃ አጣሪዎችም ሥራቸው ከዚህ ይነሣል፤ የተባለውን በትክክል መያዝ፣ ምንጩን መፈለግ፣ ማስረጃውን አንባቢ እንዲያየው ማስቀመጥ። ጥያቄው «ክትባቱ ያመክናል የሚባለው እውነት ነው?» ተብሎ ሲታረም መልሱ አጭር ነው። እውነት አይደለም። ክትባቱ በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ቤቶች ይሰጣል፤ በዓለም ላይ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶዝ ተሰጥቶ ከመካንነት ጋር ግንኙነት አልተገኘበትም።

አንድ አንባቢ ጥሩ ሙግት አነሣብኝ። «የጤና ኤክስቴንሽኗም እኮ ማስረጃ አላቀረበችም፤ የእሷን ለምን ተውሽው?» አለኝ። ልክ ነው፣ አላቀረበችም። ግን እሷ በሽታውን አልሰየመችም፣ መድኃኒትም አላዘዘችም። ማስረጃው ወደሚገኝበት ቦታ ነው የላከችው። ጤና ጣቢያ ላይ አንዲት ጠብታ ደም ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ወባ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ትናገራለች። «አላውቅም፤ ይመርመር» ከ11ዱ መልሶች ሁሉ እውነተኛው ነበር።

በአንድ ነገር ግን ተቺዎቼ አሸንፈውኛል። መልሶቹን ያለምንም ማብራሪያ ማጥፋቴ ስሕተት ነበር። ሰው ለመርዳት ብሎ ጽፎ ቃሉ በዝምታ ሲሰወር ይቆጣል፤ ነገሩን ወደ ሌላ ቦታ ወስዶ ይደግመዋል፣ ማንም ምንም አይማርም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ እናድርግ።

1. በሽታ የሚሰይም ወይም መድኃኒት የሚያዝ መልስ ከየት እንደመጣ ይናገር። ካልተናገረ «ከየት አገኘኸው? ከየት አገኘሽው?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ በአንድ ቀን ውስጥ ምንጭ ካልመጣ ምክንያቱን ጽፌ አነሣዋለሁ።

2. ጥያቄው የታመመ ልጅን የሚመለከት ከሆነ አንድ ቀን አልጠብቅም። ወዲያው አነሣለሁ፤ ምክንያቱን በኋላ እጽፋለሁ። ልጁ ክርክራችንን ሊጠብቅ አይችልም።

3. ሕጉ ለእኔም ይሠራል። ምንጭ ሳልጠቅስ ካወራሁ ጠይቁኝ። ከተሳሳትኩ ስሕተቴን አልሰርዘውም፤ ከሥሩ ማረሚያ እጽፍበታለሁ።

እስከዚያ ግን ይህን ያዙልኝ። ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ጡት ወይም ውኃ እምቢ ካለ፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደከመና አልነቃ ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። የዚያች እናት ልጅ ከእነዚህ ሁለቱን በመጀመሪያው መልእክት ላይ አሳይቶ ነበር። ሁላችንም አነበብነው፤ ያስተዋለችው አንዷ ናት።

ሠንበቴ ገበያ ላይ ማሾ ስትገዙ እንኳ ዘግናችሁ በመዳፋችሁ ታዩታላችሁ፤ «ጥሩ ነው» ስለተባላችሁ ብቻ አትከፍሉም። ለልጃችሁ የሚሰጠውን ምክርም ከመቀበላችሁ በፊት እንዲሁ እዩት።

ሙግት ያላችሁ ጻፉ፤ አነባለሁ፣ እመልሳለሁም። ቆላ ውስጥ ሕፃን ልጅ ላላት እናት አድርሱልኝ። ጤና ለሁላችን!