የታፈነው ሞገድ፤ ጩኸቱ ከየት ነው የሚመጣው?

ከጉና ተራራ ማዶ ላለ ሰው ሬዲዮ ማለት ለረጅም ዘመን አጭር ሞገድ ማለት ነበር። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በገደልና በሸለቆ የተቆራረጡ አገሮች ናቸው። ኤፍ ኤም ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሞገድ ስለሆነ ተራራ ከጋረደው አለቀለት። አጭር ሞገድ ግን ሽቅብ ወጥቶ፣ ከላይኛው አየር ነጥሮ ስለሚመለስ፣ ከሩቅ አገር ተነስቶ ነፋስ መውጫም ወገዳም ይደርሳል። እናም ይህ ሞገድ ሲታፈን ጉዳቱ ለሁሉም እኩል አይደለም። የከተማ ሰው ጋዜጣም ዲሽም አለው። ባለ ሁለት ድንጋይ ሬዲዮ ይዞ ደጃፉ ላይ የተቀመጠው የስማዳ ገበሬ ምን አማራጭ አለው?

ጉዳዩ ሐሜት አይደለም። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በመጋቢት 2002 ዓ.ም. የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አነጻጽረው፣ ሞገዱን ለማፈን ዝግጅት መኖሩን በአደባባይ ተናግረዋል። በግንቦት 2006 ዓ.ም. ደግሞ ቢቢሲ፣ ዶይቼ ቬለ፣ ፍራንስ 24 እና የአሜሪካ ድምፅን የሚያስተዳድረው ቦርድ በአረብሳት ሳተላይቶች ላይ የደረሰውን ማወክ በጋራ አወገዙ፤ አረብሳትም ምንጩ ኢትዮጵያ ውስጥ መሆኑን አሳወቀ።

ብዙ ያልተወራለት ግን የአማተር ሬዲዮ ሰዎች ጉዳይ ነው። በ1995 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ የተደረገው የዓለም ሬዲዮ ጉባዔ ከ7,100 እስከ 7,200 ኪሎኸርዝ ያለውን ሞገድ በእኛ ክልል ለአማተሮች መደበ፤ የሥርጭት ጣቢያዎችም ከመጋቢት 2001 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲለቁ ተወሰነ። ኤርትራ ግን በ7,140 እና በ7,180 ኪሎኸርዝ አካባቢ ማሰራጨቷን ቀጠለች። በላይዋ ላይ ደግሞ እንደ ዶፍ ዝናብ የሚንሿሿ ድምፅ ተለቀቀባት። የአውሮፓ አማተሮች የክትትል ቡድን ይህንን በየወሩ ሪፖርቱ ለዓመታት መዘገበ፤ የጩኸቱም ምንጭ ኢትዮጵያ ተብላ ተጻፈች። ሁለት ጎረቤቶች ሲጣሉ፣ በጠቡ ውስጥ የሌለበት ጀርመናዊ ጡረተኛ ከወዳጁ ጋር ማውራት አቃተው ማለት ነው። አምስት ኪሎ የሚገኘው የእኛው የአማተሮች ክበብ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ የቤቱን ጩኸት ምን ብሎ ያስረዳ ይሆን?

ምንጩ እንዴት ይታወቃል? በተለያየ ቦታ ያሉ ጣቢያዎች ሞገዱ የሚመጣበትን አቅጣጫ ይለካሉ፤ መስመሮቹ ካርታ ላይ የሚገናኙበት ሥፍራ ተጠርጣሪው ነው። አጭር ሞገድ ከሰማይ ነጥሮ ስለሚመጣ ልኬቱ ሊስት ይችላል፤ ሆኖም አገር ለመለየት በቂ ነው። በሳተላይት ላይ የሚደረገው ማወክ ደግሞ አጠገብ ወዳለው ሳተላይት ጥቂት ያፈተልካል። ሁለቱ ጋ የደረሰበት ጊዜና የድግግሞሽ ልዩነት ሲሰላ የላኪው አድራሻ ይወጣል። አፋኝ ራሱ አሰራጭ ነውና መደበቅ አይችልም።

እርግጥ ነው፣ ሬዲዮ ባንሿሿ ቁጥር መንግሥትን መጠርጠር አይገባም። ርካሽ ቻርጀር፣ ያረጀ የመብራት መስመር፣ የሶላር መቆጣጠሪያ፣ ሁሉም ይጮኻሉ። ሬዲዮውን በድንጋይ እየሠራ ከቤት ራቅ አድርጎ መውሰድ ነው። ጩኸቱ ከቀነሰ ችግሩ ጎረቤት ነው። ሜዳም ላይ እዚያው ካለ፣ በዚያውም አንድ ጣቢያ ላይ ብቻ፣ ለዜና ሰዓት ሲደርስ ጀምሮ ሲያበቃ የሚያቆም ከሆነ ግን ቻርጀር የዜና ሰዓት አያውቅም።

በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሬዲዮ ሞገድን የማስተዳደር ኃላፊነት ተሰጥቶታል። ፈቃድ የሌለውን አሰራጭ ፈልጎ ማግኘት የሥራው አካል ነው። አፋኙ ራሱ የመንግሥት ማሰራጫ ሲሆንስ? ከታች ጋይንት የመጣ አቤቱታ መዝገብ ተከፍቶለት፣ የመለኪያ መኪና ተልኮ፣ ውጤቱ በይፋ ይነገር ይሆን? እስካሁን የምናውቃቸው ልኬቶች ሁሉ ከውጭ የመጡ ናቸው።