ከዝናብ የማያስጥል ካባ

እስቲ ወጋችንን በአንዲት ድመት እንጀምር።

እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ «ድዋርፍ ፎርትረስ» በሚባለው የኮምፒዩተር ጌም ውስጥ መጠጥ ቤት ተከፈተ። ጌሙን ለማታውቁት፤ ተጫዋቹ የድንኮች ማኅበረሰብ ይመራል፣ ተራራ ያስቆፍራል፣ ምሽግ ያሠራል። መጠጥ ቤቱ ከተከፈተ ወዲህ ታዲያ ድመቶች ያለ ምክንያት ይሞቱ ጀመር። ነገሩ ሲጣራ ጉድ ተገኘ። ድንኮቹ የሚያፈሱት መጠጥ ወለሉ ላይ ይቀራል፤ ድመቷ ትረግጠዋለች፤ ኋላ እግሯን ስትልስ የላሰችው ጠብታ እንደ ሙሉ ኩባያ ይቆጠርባታል፤ ሰክራ ትሞታለች! «ድመት በመጠጥ ትሙት» ብሎ ያዘዘ ሰው የለም። ዓለሙ ራሱ ከምክንያት ወደ ውጤት ሄዶ ነው የገደላት።

እኛ ይህን ጌም የምንወደው በዚሁ ጠባዩ ነው። ታርን አዳምስና ወንድሙ ዛክ እ.ኤ.አ. በ2006 ለሕዝብ የለቀቁት፣ በ2012 የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከስብስቡ የጨመረው፣ በ2022 መጨረሻ ደግሞ በአዲስ ሥዕል አጊጦ ስቲም ላይ ለሽያጭ የቀረበ ሥራ ነው። የእያንዳንዱን ድንክ ጥርስና ጣት ለይቶ ይመዘግባል። የምንወቅሰውም ስለምንወደው ነው።

ጥያቄያችን አጭር ናት። በድመት እግር ላይ ያለችውን ጠብታ የሚቆጥር ዓለም፣ ድንኩ ካባ ደርቦ ዝናብ ውስጥ ሲገባ ካባው ለምን አይታየውም?

ካባ እኮ አለ። ቆብም አለ። ሱፉ ይፈተላል፣ ይሸመናል፣ ይሰፋል፣ ያረጃል፤ ተቀዳዶ ሲያልቅ የለበሰው ድንክ ያፍራል። በጦርነት ጊዜ እንኳ እንደ አንድ ድርብ ሆኖ ምት ያበርዳል። ዝናብ ሲመጣ ግን የለበሰውም ያልለበሰውም እኩል ይበሰብሳል፣ እኩል ይከፋዋል። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ማለት ይሄኔ ነው! ይባስ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2018 የድንኮቹ ትዝታ ሲጠናከር፣ ዝናብ የመታው ድንክ ያችን ቀን እያስታወሰ ደጋግሞ እንደሚያዝን ተጫዋቾች በሰፊው አማረሩ። ከፏፏቴ የሚነሣው ጉም ደግሞ ያስደስታቸዋል። ውሃው ከጎን ሲመጣ ደስታ፣ ከላይ ሲመጣ ለቅሶ። ይሄ ምን ይባላል?

የዝናብ ልብስ ይጨመር ስንል የሚነሡብንን ተቃውሞዎች ጠንቅቀን እናውቃቸዋለን። አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው፣ «ምናባዊ ዓለም ነው፤ ዘንዶ ባለበት አገር ስለ ካባ ታወራላችሁ?» የሚለው ነው። እኛ ደግሞ፣ ዘንዶ ስላለ ነው የምናወራው እንላለን። ዘንዶው እሳት ሲተፋ ማቃጠል አለበት፤ ካላቃጠለ ማን ያምነዋል? ምናብ ማለት ከምክንያት ነፃ መውጣት አይደለም። ብረት አቅልጦ ሰይፍ የሚሠራ ሕዝብ ራሱን ከዝናብ መከለል አቃተው ካልን ዓለሙን ምትሐተኛ አላደረግነውም፤ ሕዝቡን አሞኘነው እንጂ።

ሁለተኛው፣ «ጣሪያ ሥሩ! ከመሬት በታች ኑሩ!» የሚል ነው። እሺ፣ ሠራን። እንጨት ቆራጩንስ? ከብት ጠባቂውንስ? ጫካውንና ግጦሹን ሁሉ በጣሪያ እንሸፍነው? ውጭ ውሎ የሚገባው ሠራተኛ ጣሪያ ተሸክሞ አይሄድም። ልብስ የተፈለሰፈው እኮ ለዚሁ ነው!

ሦስተኛው ጠንከር ያለ ነው፤ «ጌሙ አሁንም ከባድ ነው፣ ሌላ ጣጣ አትጨምሩበት» ይላል። እውነት ነው፣ ከባድ ነው። እኛ የምንጠይቀው ግን አዲስ ጣጣ አይደለም። ልብሱ ተሠርቶ አልቋል፤ ጥቅሙ ብቻ ይታከልበት ነው የምንለው። እንዲያውም ያለው ነገር ትርጉም ያገኛል። ንብ ማነብ አለ፤ ሰሙ ግን ከጌጣጌጥ በቀር ምንም አይወጣውም። ሰሙን ጨርቅ ላይ ቀቡትና ዝናብ የማያስገባ ካባ ይሁን፤ ያን ጊዜ ንብ አርቢውም፣ ሸማኔውም፣ ልብስ ሰፊውም ከዝናቡ በፊት የሚፈለጉ ሰዎች ይሆናሉ።

አራተኛው፣ «ታዲያ ዝናቡ ምኑን ዝናብ ሆነ?» ባይ ነው። ለዚህ መልሱን ሌሎች ጌሞች ሰጥተውታል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው የኒንቴንዶ ዜልዳ ጌም ዝናብ ሲጥል ገደል መውጣት ስቃይ ነበር፤ እግር ይንሸራተታል። በ2023 ተከታዩ ሲመጣ መንሸራተትን የሚቀንስ የእንቁራሪት ልብስ ይዞ መጣ፤ የሚገኘው ግን ብዙ ተለፍቶ ነው። ዝናቡ አልጠፋም፤ ተጫዋቹ መላ አገኘ እንጂ። በ2021 በወጣው «ቫልሃይም» የተራራውን ብርድ የሚችለው የተኩላ ቆዳ ካባ የደረበ ነው፤ ተኩላውን ግን መጀመሪያ መግደል አለበት። መከለያ ዋጋ ካለው ዝናቡን አያረክሰውም። ሰም የተቀባው ካባ ይክበድ፣ በበጋ ያፍን፣ ቶሎ ይለቅ። ይህ ሁሉ ያስማማናል።

ደግሞ «በዚያ ዘመን ምን የዝናብ ልብስ ነበር?» ለሚሉን፤ ፋብሪካ አያስፈልግም። የእኛ ደጋ እረኛ ከእንግጫና ከሳር የተታታ ገሳ ደርቦ ክረምቱን ከከብቶቹ ጋር ሜዳ ላይ ይውላል። ውሃው በሳሩ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል፤ እረኛው ከሥሩ ደረቅ ነው። ጃፓኖችም ከሩዝ ገለባ ሚኖ የሚባል ተመሳሳይ ነገር ይሠሩ ነበር። ሁለት ተራርቀው የሚኖሩ ሕዝቦች፣ አንድ ችግር፣ አንድ መላ። ገሳን ያወቀ ሰው ድንኮቹ ሳር ላይ ቆመው ሲበሰብሱ ዝም ብሎ ማየት ይከብደዋል።

ለእኛ ነገሩ ከጌምም ያለፈ ነው። መከራ የሚልክ፣ መላ ግን የማይሰጥ ዓለም የሚያስተምረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዝናቡን ቻለው»። የሰው ልጅ ታሪክ ግን ችሎ የመቀመጥ ታሪክ አይደለም። ቀና ብሎ ሰማዩን አይቶ፣ ጎንበስ ብሎ ሳሩን ያጨደ እረኛ ታሪክ ነው። የሕይወት አምሳያ ነኝ የሚል ጌም ይህችን ማጎንበስ ካላሳየን፣ አየሩን እንጂ ሰውን አልመሰለም።

ስለዚህ ወንድማማቾቹ ሆይ፣ ድመቷን ከመጠጥ አድናችኋል፤ እናመሰግናለን። አሁን ደግሞ ተራው የእንጨት ቆራጩ ነው። ካባው ያስጥለው!