ተስፋዬ ሁሉ ዘመድ አይደለም

ማክሰኞ ማታ የወንድሜ ልጅ ከሜሪላንድ ደወለች። «ጋሼ፣ ዘፋኙ አቤል ተስፋዬ ምናችን ነው?» የክፍሏ ልጆች መግቢያ መውጫ አሳጥተዋታል። ወንድሜ አሜሪካ ሲገባ «የቤተሰብ ስም» የምትለዋ ሣጥን ውስጥ የአባታችንን ስም ጻፈ፤ እሷም ያንኑ ወረሰች። አባታችን ተስፋዬ እንኳን ዘፋኝ ሊወልዱ፣ ሠርግ ላይም እልል አይሉም ነበር።

ዘፋኙም ያው ነው። አባቱ መኮንን ናቸው። ቶሮንቶ የተወለደው ልጅ «የቤተሰብ ስም» ብሎ የያዘው የአያቱን ስም ነው ማለት ነው። አያት በዚህ ቅር የሚላቸው አይመስለኝም።

ከዚያች ሣጥን ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው አበበ ነው፤ ቢቂላ አባቱ ናቸው። ቪብራም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ግን የሩጫ ጫማ ሠራና «ቢቂላ» አለው። ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ ከሰሰው፤ ስሙን ያለ ፈቃድ ወሰዳችሁ ብሎ ነው። እኔ ብሆን «ያልሮጠውን ሰው ጫማ አጫማችሁት» የሚል ሁለተኛ ክስ እጨምር ነበር።

ስም ዘመድ ያሳያል የሚል ካለ በቆጂ ይሂድ። ጥሩነሽ፣ ገንዘቤና እጅጋየሁ ዲባባ እህትማማች ናቸው፤ እሺ። ዘመዳቸው ደራርቱ ግን ቱሉ ናት። ቀነኒሳና ታሪኩ በቀለ ወንድማማች ናቸው፤ ማራቶን ሯጯ በዙነሽ በቀለ ግን የሌላ በቀለ ልጅ ናት።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ንስ አላነበባችሁም? አባት ቦጋለ መብራቱ፣ እናት ውድነሽ በጣሙ፣ ልጅ በዛብህ ቦጋለ። አንድ ጎጆ ውስጥ ሦስት ሰው፣ ሦስቱም በየአባታቸው። ይህ ቤተሰብ አሜሪካ ኤርፖርት ቢደርስ ኖሮ በዛብህ የእናቱ ልጅ መሆኑን ለማስረዳት ስንት ወረቀት በጠየቁት!

«እንዘምን፣ የቤተሰብ ስም በሕግ ይውጣልን» የሚሉ አሉ። ወጥቷል እኮ! የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደንግጎታል። ማን ሰማው?

ይህን ሁሉ ለልጅቷ አስረዳሁ። ሞቅ አለኝና «እኛ ስም አንወርስም፣ ዘር ነው የምንቆጥረው፤ እስከ ሰባት ቤት!» አልኳት።

«እሺ ጋሼ፣ ቁጠርልኝ፤ ልጽፈው ነው» አለችኝ።

ተስፋዬ፣ ወልዴ፣ ካሳ… አራተኛው ላይ «ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ብዬ ዘጋሁት።