የውኃ ተራ የሚመድበው ማኅበር የሰብል ተራም ይመድብ

ለኢፌዴሪ ግብርና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የአትክልት ሰብል ጥበቃ በመስኖ ቦይ ደረጃ እንዲታቀድ ስለ መጠየቅ

በመቂና በባቱ ዙሪያ ባሉ የመስኖ ማሳዎች አንዱ ቲማቲም ሲለቅም ጎረቤቱ ችግኝ ያዛውራል። ገበያው ዓመቱን ሙሉ ቲማቲም እንደማያጣ ሁሉ ተባዩም ምግብ አያጣም። ቱታ አብሶሉታ የተባለው የቲማቲም ቅጠል ቦርቧሪ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ሲሆን አገራችን መግባቱ የታወቀው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። አንዲት እናት የእሳት እራት እስከ 260 እንቁላል ትጥላለች፤ በሞቃት ወቅት ትውልዱ በአንድ ወር ገደማ ይተካል። የተጠቃ ቅጠል ለብርሃን ቢያዩት በሁለቱ ገጾች መካከል የነጣ ቦታ፣ በውስጡም ትሉና ጥቁር ኩሱ ይታያል። ብዙው መድኃኒት የሚቀረው ከላይ፣ ገጹ ላይ ነው። ገበሬው መጠን ቢጨምርና ርጭት ቢደጋግም ከሞት ተርፎ የሚራባው መድኃኒቱን የለመደው ነው።

ስለዚህ የሰብል ጥበቃ መጀመር ያለበት ዘር ከመዘራቱ በፊት፣ የትኛው ማሳ ምን እንደሚበቅልበት ሲወሰን ነው። ቲማቲም ነቅሎ ቃሪያ ወይም ድንች መትከል ማፈራረቅ ይመስላል፤ ሦስቱም ግን የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ስለሆኑ አፈር ወለዱ የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ በሦስቱም ላይ ይኖራል። በመካከል ሽንኩርት ወይም በቆሎ ሲገባ፣ የተለቀመ ማሳ ግንድና ቅጠል ሳይውል ሳያድር ሲወገድ፣ ችግኝ በመረብ ውስጥ ሲያድግ፣ ወንዱን የእሳት እራት የሚስብ ወጥመድም የተባዩን መብዛት ሲያሳይ ርጭት የመጨረሻው አማራጭ ይሆናል። ይህን ግን አንድ ገበሬ ብቻውን አይወጣውም፤ የእሳት እራት የማሳ ድንበር አያውቅም።

አነስተኛ ማሳ ያለው፣ ይልቁንም መሬት ለአንድ ወቅት የተከራየ ሰው ዋጋ የሚያወጣለትን ሰብል ትቶ ለከርሞ አፈር ያስባል ወይ የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን የሰብል ተራው ስምምነት ከተከራዩ ጋር ሳይሆን ከቦዩ ጋር ከታሰረ ተከራይ ቢለዋወጥም ዕቅዱ ይቀጥላል። ቲማቲም ይቅር አላልንም፤ በአንድ ቦይ ላይ ያሉ ማሳዎች በተቀራራቢ ጊዜ ይተከሉ፣ በመካከልም ቲማቲም የሌለበት ጊዜ ይኑር ነው ያልነው። የሌላው ቦይ ጊዜ ሲለይ ገበያውም ባዶ አይቀርም፤ አንድ ሰሞን ተትረፍርፎ ዋጋ መውደቁም ሊቀንስ ይችላል። ሕግ አለ የሚል መልስም አይበቃም፤ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 የሚቆጣጠረው ኬሚካሉን እንጂ ማሳው ምን እንደሚዘራበት አይደለም።

አዲስ መዋቅር አንጠይቅም። የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ውኃ በተራ ለመመደብ ይሰበሰባሉና በዚያው ጉባኤ የሰብል ተራም ይወስኑ፤ የልማት ሠራተኛውም የማሳ ካርታ ይዞ ይገኝ፤ ሥራውም በተሸፈነው ሄክታር ብቻ ሳይሆን በቀነሰው ርጭት ይመዘን። ሚኒስቴሩ ይህን በመቂና በባቱ በጥቂት ቦዮች ሞክሮ ውጤቱን ለሕዝብ እንዲያሳውቅ እንጠይቃለን።